የቀትር ኖራ

ሥርጉት ወልደየስ በሐረር ግድግዳ ላይ አርባ ሁለት ዓመት ኖራ ስትቀባ ማንም ቀና ብሎ አይቷት አያውቅም። ግድግዳውን ያያሉ፤ «ነጣ፣ አማረበት» ይላሉ። መሰላሉ ላይ የቆመችውን ሴትዮ ግን ከመሰላሉ ለይተው አይቆጥሯትም። ይህን ለምዳዋለች። ያልለመደችው ግንቦት ፲፰ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም. የደረሰባትን ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ረመዳን በማግስቱ ይገባል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያ ሄዳ «ልጄ ቀትር ላይ ቤት ተኝቶ ነበር፤ ያየሁት እኔ ነኝ» ስትል ኢንስፔክተር ሀብተወልድ እስክሪብቶውን እንኳ አላነሳም።

«ማንበብ መጻፍ ይችላሉ፣ እማማ?»

«አልችልም።»

«እናቱ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ቤትዎ ይግቡ። እናት ሁሉ ልጇ ተኝቶ ነበር ትላለች።»

ፊደል ያልቆጠረ ዓይን የሌለው መሰለው። ሥርጉት ይህን በልቧ አለች እንጂ አፏን አልከፈተችም፤ ለዚህ ሰው የምትከፍትበት ቀን እንደሚመጣ ታውቃለች።

የሞተው ነስሮ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት ሱሪና ሽርጥ ሲሰፋ የኖረ፣ ቀልድ የማይጠፋው ሰው ነበር። ቤቱ ጁገል ውስጥ፣ ከኤረር በር ከፍ ብሎ ካለው ጠባብ መንገድ ዳር ነው። ሚስቱ ሙና የረመዳን አስቤዛ ልትሸምት ወርዳ ስትመለስ፣ ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ሥር ወድቆ አገኘችው። ራሱ ከኋላው ተፈንክቷል። አጠገቡ አንድ ድሮን እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተገልብጧል።

ድሮኑ የእንደሻው ነው፤ የሥርጉት ልጅ። እንደሻው ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሌላው ኳስ ሲያይ፣ ሌላው ጫት ሲቅም፣ እሱ ከተሰባበሩ ሁለት ድሮኖች አንድ ሠርቶ ማለዳ ማለዳ ያበራል። ማለዳ የሆነው በአሞሮቹ ምክንያት ነው። ሥጋ ቤቶቹ ከተከፈቱ በኋላ የሐረር አሞራ ሰማዩን ለማንም አያጋራም።

«ጉዳዩ ቀላል ነው» አላት ሀብተወልድ፣ አልሄድ ስትለው። «ለጨዋታ የሚያበር ሰው አንድ ነገር ነው። ዋጋ ተቀብሎ የሚያበር ግን ሌላ ነው፤ የንግድ በረራ ነው። የንግድ በረራ ደግሞ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ልጅዎ ለሟቹ ሲያበር ዋጋ ተቀብሏል። ፈቃድ የለውም። መሣሪያው ወድቆ ሰው ገድሏል። በቃ።»

«ምን ዋጋ ተቀበለ?»

«አንድ ዙርባ ጫት።»

ሥርጉት ሰውየውን ከኮፍያው እስከ ጫማው አየችው። «ድሬዳዋ አውሮፕላን የሚያሳርፈው ሰውዬም በጫት ነው የሚከፈለው?»

ከጀርባዋ ያለው ፖሊስ ሳቁን በሳል ደበቀው።

«ደግሞም ጫቱን የቃምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ልጄ አይቅምም። ሐሙስ ነስሮ ሰጠው፣ እሱ ለእኔ አመጣልኝ፣ እኔ ቃምኩት። ዋጋ ከሆነ እኔን እሰር።»

«ቀልዱን ይተዉት፣ እማማ።»

«ለመሆኑ ጫቱን ማን ነገረህ?»

«ምስክር አለን» አለና ፋይሉን ዘጋው። የዘጋው ወረቀት ብቻ አይደለም። እንደሻው ይህ ከተፈረደበት አሥር ዓመት እንኳ ቢሉት ማንንም አይገርመውም፤ ሥርጉት ደግሞ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ የሚወጣ ልጅ የሚገባበት ቤት አይኖረውም።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ሄደች። የነስሮን ግቢ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ለረመዳን ተብሎ ረቡዕና ሐሙስ ኖራ የቀባችው እሷ ናት። የበሩን ዙሪያ ቅዳሜ ልጨርስ ብላ የተረፈውን ኖራ በባልዲ፣ ባልዲውን በጆንያ ሸፍና ትታው ነበር። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ወንዶቹ ጥላ ሥር ቁርአን ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሥርጉት ሳትገባ ቆመች።

ግድግዳው ላይ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ በሰው ራስ ቁመት ላይ፣ የትሪ ስፋት ያህል የእሷ ያልሆነ እጅ አለ።

ኖራ ጠባይ አለው። ውኃ ጠጥቶ ማደር፣ ጨው መቅመስ፣ በደንብ መማሰል ይፈልጋል። ማለዳ፣ ግድግዳው ውኃ ተረጭቶበት ሲቀዘቅዝ፣ ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ ይቀቡታል፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ። ፀሐይ ከበረታች በኋላ በደረቅ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ሰው ድካሙን ነው የሚለጥፈው፤ ሳምንት ሳይሞላው እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል። ያ የትሪ ስፋት ያለው ቦታ ወፍራም ነው፤ ሳይማሰል ከባልዲው ሥር የተዛቀ። የተቀባው ወደ ጎን ነው። ዳር ዳሩ ከአሁኑ ተሰንጥቋል። ባልዲውን አየችው፤ ጆንያው ከላዩ ተነስቶ መሬት ላይ ተጥሏል።

እጇን ልትዘረጋ አሰበችና መለሰችው። አሁን ብትነካው «አሮጊቷ ማስረጃ አጠፋች» ይሏታል፤ ለዚህ ለዚህ ጎበዞች ናቸው። ኖራው ራሱ ይናገር፤ ጥቂት ቀን ይበቃዋል።

ሙና ሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሥርጉት ሁለት እጇን ያዘቻት፣ አገላብጣ ዳሰሰቻት። የሽንኩርት ሽታ ያለው ለስላሳ እጅ ነው።

«አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ።»

«ኢና ሊላሂ፣ እትዬ ሥርጉት። እንደሻው ነው ብዬ አላምንም እኔ። እሱ ሐሙስ ድሮኑን ክንፉን ነቅሎ፣ ቦርሳው ውስጥ ከቶ፣ እዚሁ ነው የተወው። ቅዳሜ ለእህቴ ልጆች ሊያበሩላቸው ነበር። ለፖሊሱ ብነግረው 'ተመልሶ ወስዶት ይሆናል' አለኝ።»

«ያን ኖራ ማን ነካው?»

«የቱን?»

«ከባልዲው።»

«ማንም። ማን ይነካዋል እርስዎ ሳይመጡ?»

«ሐሙስ ነስሮ እንዴት ነበር?»

ሙና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጠዋት ሲያበሩት እንደ ልጅ ሲስቅ ነበር። 'የተወለድኩበትን ግቢ እንደ አሞራ ልየው' ብሎ ነው እኮ የለመነው። ጫቱንም ደስ ብሎት ሰጠው። በኋላ ምስሉን በእንደሻው ስልክ ላይ ሲያሳየው ዝም አለ። ምሳም አልበላ። 'ነገ ከጁምዓ በኋላ ለአፎቻው እናገራለሁ' አለኝ። ምኑን ብለው፣ 'ለሰፈሩ መነገር ያለበት ነገር ነው፤ አንቺ አትጨነቂ' አለኝ።»

አፎቻ የሰፈሩ ማኅበር ነው፤ ሠርግም ቀብርም ያለ እሱ አይሆንም። አፎቻ ፊት የተነገረ ነገር ጁገልን በአንድ ቀን ያዳርሳል።

«ጫቱን ሲሰጠው ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ። ሽመልስ ቢሮ ሄዷል።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ጫት መስጠት ሐረር ውስጥ ወሬ ሆኖ ነው?»

ሽመልስ የግቢው ተከራይ ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ አርባ ዓመት አካባቢ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ሥርጉት ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችውና እጁን ጨበጠችው። እንደ ሕፃን እጅ የለሰለሰ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ቀለም አለ።

«እትዬ ሥርጉት፣ እኔ ቀድሜ አስጠንቅቄ ነበር» አላት ሳትጠይቀው። «ያለፈው ወር ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ጢሜን ስላጭ ከላዬ መጥቶ ቆመ፣ ያ ነገር።»

«አንተ ስትላጭ ማን ሊያይህ?»

«ጉዳዩ የመርህ ነው።»

«ነስሮ ከቤት ውጣ እንዳለህ ሰምቻለሁ።»

ጆሮው ቀላ። «ክፍሉን ለዘመድ ፈልጎት ነው፤ በሰላም ነው የተነጋገርነው። ዓርብ ደግሞ እስከ ስድስት ተኩል ቢሮ ነበርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ነበር... ግን ነበርኩ።»

«ልጄ ጫት ተቀብሎ ማብረሩንስ አንተ ነህ የተናገርከው?»

«የምን ጫት?» አለ ሽመልስ፤ ግንባሩን ቋጠረ። «ተከፍሎታል እንዴ? ያኔ ባውቅ ኖሮ ማመልከቻዬ ላይ እጨምረው ነበር።»

በእርግጥም ይጨምረው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የሰማውን ክስ አያባክንም።

እሑድ ወደ አው ሰዒድ ሱቅ ወረደች። አው ማለት በሐረር ለተከበረ አባት የሚሰጥ ጥሪ ነው፤ ሰዒድ ደግሞ ክብሩን እንደ ሽቶ የሚቀባ ሰው ነው። የነስሮ ታላቅ ወንድም፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ የአባታቸው መቃብር ያለበት የአንድ አሮጌ አዋች ጠባቂ ነው። አዋች በጁገል የቅዱስ ሰው ቀብር ነው፤ ሰው ስለት ያመጣበታል። የሁለቱ ወንድማማቾች ቤት ጀርባና ጀርባ ነው፤ አዋቹ በሰዒድ በኩል፣ ከግንብ ውስጥ ነው።

ሰዒድ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሥርጉት እጇን ዘረጋች። እጁ ከጋቢው አልወጣም።

«ተቀመጪ፣ ሥርጉት» አለ።

ኖራ ቀቢ ስለሆንኩ ንቆኝ ነው አለች በልቧ። ሠላሳ ዓመት በእጁ ጨርቅ ሲለካ የኖረ ሰው ዛሬ አንዲት ደንበኛ ስትመጣ ሠራተኛው እንዲለካ በአገጩ አዘዘ። ሥርጉት ይህንንም አየች።

«አላህ ይርሐመው» አለች።

«አሚን። የሚቆጨኝ ሳንታረቅ መሞቱ ነው። ከመውሊድ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ቤቱም ደጃፍ አልደረስኩም።»

«ስድስት ወር መሆኑ ነው?»

«ስድስት ወር። ወላሂ፣ አንድ ቃል።» ራሱን ነቀነቀ። «ልጅሽን ግን አትከላከዪለት። እኔ በግሌ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሕግ ግን ሕግ ነው። ለጨዋታ ቢያበረው ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ሐሙስ ዕለት አንድ ዙርባ ጫት ተቀብሎ አበረረ፤ ያ ዋጋ ነው። ዋጋ ካለ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ነው ያነበበልኝ፤ እኔም ለኢንስፔክተሩ አስረዳሁት።»

«አስረዱት?»

«ደግ ሰው ነው። ያዳምጣል።»

ያዳምጣል። እሷን ግን እስክሪብቶ ሳያነሳ አሰናብቷታል። ሥርጉት ተነስታ ነጠላዋን አራገፈች፤ ያረፈባት የጨርቅ አቧራ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ለእንደሻው ምግብ ይዛ ጣቢያ ትሄዳለች፤ በየቀኑ «ኢንስፔክተሩ ሥራ ላይ ናቸው» ትባላለች። ሐሙስ ዕለት ግን አንደኛው ፖሊስ፣ ያ ሳቁን በሳል የደበቀው፣ ነገራት። ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሀብተወልድ ድሮኑንና ተከሳሹን ይዞ ነስሮ ግቢ ይሄዳል፤ ለዐቃቤ ሕግ የሚላክ ንድፍ ሊያነሱ ነው። ሙና፣ ሽመልስና አው ሰዒድም ይገኛሉ።

ዓርብ አራት ሰዓት ሲሆን ሥርጉት በበሩ ዙሪያ ካለው ግድግዳ ላይ መሰላል አቁማ፣ ብሩሽ ይዛ ነበር።

«እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለ ሀብተወልድ።

«ሥራዬን። በግማሽ የተተወ ግድግዳ አለኝ።»

«ይውረዱ፤ ምርመራ ላይ ነን።»

«ከላይ ሆኜ አልረብሽህም። አንድ ሳምንት ሙሉ መች አየኸኝና።»

እንደሻው በካቴና ቆሟል፤ ጺሙ አድጓል። እናቱን ሲያያት ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ሀብተወልድ ንድፉን ጀመረ፤ «ተከሳሹ ጣሪያው ላይ፣ ድሮኑ ከሟቹ ራስ በላይ» እያለ ያስጽፋል። ሰዒድ ጋቢውን ተከናንቦ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሥርጉት ከመሰላሉ ወረደች።

«ያን ድሮን ከያዝከው ጆንያ አውጣው» አለች ሀብተወልድን።

«እማማ—»

«አውጥተህ አስቀምጠው። ስምንት ቀን አቅፈኸው ስትዞር አንድ ቀን እንኳ ክንፉን አይተኸዋል?»

ሽመልስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሀብተወልድ ሰው እያየው መሆኑን ተረዳና አወጣው። ድሮኑ አራት ክንፎች አሉት። ሥርጉት ጎንበስ አለች።

«እንደሻው፣ አፍህን ዝጋ፤ እኔ ነኝ የምናገረው። ይኸውልህ፣ ከአራቱ ክንዶች ሁለቱ ላይ የጥፍር ቀለም አለ፤ ቀይ። ከአራቱ ክንፎችም ሁለቱ ላይ ቀይ አለ። ልጄ ነው የቀባው። ቀይ ከቀይ ይገጥማል፣ ባዶው ከባዶው። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ይህን ግን ስንቴ ሲያደርግ አይቻለሁ። አሁን ተመልከት።»

ሀብተወልድ አየ። አንደኛው ቀይ ክንፍ ባዶ ክንድ ላይ፣ አንደኛው ባዶ ክንፍ ቀይ ክንድ ላይ ነው የተሰካው።

«ሲወድቅ የተቀያየረ ይሆናል» አለ።

«ሲወድቅ ይሰበራል እንጂ ተነቅሎ፣ ቦታ ተለዋውጦ፣ ተመልሶ አይሰካም። ለመሆኑ እንዲህ ሆኖ ይበራል? አብርረውና እንየው። ፈቃድ አለህ አይደል?»

በመጨረሻ ሀብተወልድ ራሱ የእንደሻውን አንድ እጅ ፈታ፤ መቆጣጠሪያውንም ከጆንያው አውጥቶ ሰጠው። ድሮኑ ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቷ እንደተቆረጠ ዶሮ መሬት ላይ ተገለባብጦ ቆመ። አንድ ስንዝር አልተነሳም።

«እንግዲህ» አለች ሥርጉት፣ «ይህ ነገር ከቦርሳ የወጣው ክንፉ ተነቅሎ ነው። ክንፍ የሌለው ነገር ከሰማይ ወደቀ ማለት ስለማይቻል አንድ ሰው ሰካለት። የሰካው የማያውቅበት ሰው ነው። ስለዚህ አልበረረም። ካልበረረም አልወደቀም። ነስሮን የገደለው የአብራሪ ፈቃድ አይደለም።»

«ታዲያ ሰውየው በምን ሞተ?» አለ ሽመልስ።

«በግድግዳ።»

ብሩሿን ገልብጣ በእጀታው ያንን የትሪ ስፋት ያህል ቦታ መታ መታ አደረገችው። ኖራው በቁራጭ በቁራጭ ተገፍፎ እግሯ ሥር ወደቀ። ከሥሩ ቡናማ ነገር ታየ።

«እርጥበት ይሆናል» አለ ሽመልስ።

«እርጥበት በሰው ራስ ቁመት ላይ ሽበት ይዞ አይወጣም።»

ሀብተወልድ ተጠጋ። የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ደርቀው የተጣበቁ ሦስት ነጭ ፀጉሮች አሉ። ሙና አፏን በሻሿ ያዘች።

«ሐሙስ ስጨርስ ይህ ግድግዳ የእኔ ነበር» አለች ሥርጉት። «ቅዳሜ ስመጣ ይህቺ ቦታ የሌላ ሰው ሆናለች። ነስሮ በጀርባው ተገፍቶ ራሱ እዚህ ጋ አርፏል። የገፋው ሰው ደሙን አየ። ባልዲው አጠገቡ ነው። ከሥሩ ዛቀና ለጠፈበት። ግን ቀትር ነው፤ ግድግዳው እንደ ምጣድ ግሏል፤ ውኃ አልረጨበትም። በቀትር የተቀባ ኖራ ምስጢር አይጠብቅም።»

«ማን?» አለ ሀብተወልድ። አሁን እስክሪብቶው በእጁ ነው።

«ሙና አይደለችም። የጁገል ልጅ ናት፤ በሰባት ዓመቷ ከእናቷ ጋር ግድግዳ ስትቀባ ያደገች። ኖራን በቀትር አትነካም፤ ብትነካም ከላይ ወደ ታች ነው። ሽመልስም አይደለም።»

«አመሰግናለሁ» አለ ሽመልስ።

«አታመስግነኝ፤ እጅህን አይቼ ነው። ያልለመደ እጅ ጥሬ ኖራ ከነካ ይበላዋል። ጣቱ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ሁለት ሳምንት አይድንም። እኔ ቅቤ ሳልቀባ አልነካውም። የአንተ እጅ ከወረቀት በቀር ምንም ነክቶ አያውቅም። ደግሞ ጫቱን አልሰማህም ነበር።» ወደ ጥላው ዞረች። «ጫቱን ነስሮ፣ ሙና፣ ልጄና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ሙና አልተናገረችም። ልጄ አልተናገረም። እኔም ኢንስፔክተሩ እስኪያነሳው ድረስ ቅሜ ዝም አልኩ። እርስዎ ግን፣ አው ሰዒድ፣ ሐሙስ ዕለት አንድ ዙርባ ብለው ቆጥረው ነገሩኝ። ከነስሮ በቀር ማን ይነግርዎታል? ነስሮ ደግሞ ከሐሙስ በኋላ የኖረው አንዲት ቀን ናት። ከመውሊድ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም ያሉኝ ሰው፣ በዚያች ቀን ተነጋግረዋል።»

ሰዒድ አልተንቀሳቀሰም። «የሰፈር ወሬ ነው። ከማን እንደሰማሁ አላስታውስም።»

«እጅዎን ያውጡ።»

«ምን?»

«እሑድ ሰላምታዬን ሲነሱኝ የናቁኝ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ እጄን ቅቤ ስቀባ ነው የገባኝ። ጋቢውን ይግለጡ።»

ሰዒድ ሀብተወልድን አየ፤ ያዳምጠው የነበረውን ሰው። ሀብተወልድ በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ ማየትን ተምሯል። «እጅዎን ያሳዩን፣ አው ሰዒድ» አለ።

እጁ ወጣ። ቫዝሊን ተቀብቷል፤ ጣቶቹ ነጥተው፣ በመገጣጠሚያቸው ላይ ተሰንጥቀዋል።

«ምክንያት የለውም» አለ ሽመልስ በቀስታ። «ወንድሙ ነው።»

«ምክንያቱ አንተ ኪስ ውስጥ ነው» አለች ሥርጉት ለሀብተወልድ። «የልጄ ስልክ አንተ ጋ አይደል? የሐሙሱን ምስል ክፈተው።»

ከፈተው። ከላይ የታየ ጣሪያ፣ ግቢ፣ ዛፍ።

«አይቼዋለሁ። ያለ ፈቃድ የተነሳ የአየር ምስል ነው» አለ።

«ያየኸው ፈቃዱን ነው እንጂ ምስሉን አይደለም። ይህ የነስሮ ግቢ ነው፤ ከጀርባው ያለው የእሳቸው። አዋቹን አሳየኝ።»

«የቱን?»

«ነጭ ክብ ጉልላት አለው። በየዓመቱ ኖራ የምቀባው እኔ ነበርኩ። ካቻምና 'ግንቡ ተደርምሷል፣ እባብ ገብቶበታል፣ አትምጪ' አሉኝ። በሩን ቆለፉት፤ ሰዉ ስለቱን ከውጭ ሆኖ ለእሳቸው ያስረክባል። ጉልላቱ የት አለ?»

ሀብተወልድ ስልኩን አዞረ፣ መለሰ። ጉልላት የለም። ጉልላቱ በነበረበት ቦታ አዲስ ቆርቆሮ ክዳን ያብለጨልጫል፤ ከሥሩም የጨርቅ ጥቅሎች በረድፍ ተደርድረው በተከፈተው በር ይታያሉ።

«መጋዘን» አለ ሽመልስ።

«አባታቸው መቃብር ላይ» አለች ሥርጉት። «ግንቡ ከፍ ያለ ነው፤ ከአሞራ በቀር የሚያየው አልነበረም። ነስሮ እንደ አሞራ ልየው ብሎ አየው።»

ሙና ቀስ ብላ ተነሳችና ሰዒድ ፊት ቆመች። ሰዒድ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ለአፎቻው እናገራለሁ አለኝ» አለ ለመሬቱ። «ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ልለምነው መጣሁ። ጊዜ ስጠኝ አልኩት። 'ልጁ በአንድ ዙርባ ጫት አባታችንን አሳየኝ፤ አንተ በስንት ሸፈንከው?' አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። የድሮኑን ቦርሳ ሳየው... ሰው ወደ ላይ እንዲያይ ብዬ ነው።»

ከሀብተወልድ ጋር የመጡት ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘውት ወጡ። ጋቢው በሩ ላይ ወደቀ፤ ያነሳለት ሰው አልነበረም።

ሀብተወልድ መዝገቡን አጠፈ። ላቡን ጠረገና ድምፁን ወደ ቢሮ ድምፅ መለሰው።

«እማማ፣ ረድተውናል። የግድያው ጉዳይ ከልጅዎ ላይ ይነሳል። የፈቃዱ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። ለጨዋታ ነው ወይስ ለንግድ የሚለውን አዲስ አበባ ጠይቀን መልስ እስኪመጣ... ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው። ሰኞ ኃላፊው ሲገቡ—»

እንደሻው የተፈታውን እጁን ወደ ካቴናው መለሰ፤ ስምንት ቀን ሰውን ምን ያህል እንደሚያለምድ ሥርጉት ያየችው ያኔ ነው። መሃላቸው ገብታ ቆመች። ኖራ ከክርኗ ይንጠባጠባል።

«ስማኝ» አለች። «ገዳዩ ቤቱ ተኝቶ፣ ሕግ እያስረዳህ፣ አንተ እያዳመጥክ፣ ልጄ ሰባት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አድሯል። ጎረቤቱን ደስ ሊያሰኝ ያበረረ ሰው ነጋዴ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አዲስ አበባ ያለው አዋቂህ ካልነገረህ የማይገባህ ከሆነ ደውልለት፤ ስልኩ እጅህ ላይ ነው፣ እኔም እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ። ሰኞን ግን አትጥራብኝ። ማንበብ አልችልም እንጂ ቀን መቁጠር አላቃተኝም።»

እጇን ዘረጋችለት።

«መጀመሪያ ቁልፉን አምጣ።»